ያልተጻፉት አሥራ ሁለት ደቂቃዎች

ፕራይ ሃንዱ፣ ምሥራቅ ሱምባ
ኖቬምበር 14 ቀን 1995

ለተከበርሽው ራምቡ ሊካ፣

ይህ ወረቀት ከዋይንጋፑ ወደብ ተነሥቶ ጆግጃካርታ እስኪደርስ ከባሕሩ እርጥበት ይጠበቅ፤ አንቺም በሙሉ ጤና ሆነሽ ክፈቺው። እኛ እዚህ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ፈረሶቹ ከስተዋል፣ ሰው ግን አልታመመም።

ከዚህ ጋር አራት ደብተር ልኬልሻለሁ። ዋናዎቹን ካሴቶች ይዘሽ ስትሄጂ ትተሽልኝ ከሄድሽው አሥራ አንድ ቅጂ፣ የአሥሩ ቃል ተጽፎ አልቋል። በግራ ገጽ ሂና በቋንቋችን የተናገረችው፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ የኢንዶኔዥያኛ ትርጉሙ ይገኛል። እያንዳንዱን ካሴት ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ለመስማት፣ ቀጥሎ ለመጻፍ፣ በመጨረሻ ለማረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብተር ሳርም ስለኖርኩ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም።

በአንቺም ሥራ አንድ ስሕተት አግኝቻለሁ። በስም ዝርዝርሽ ላይ ሂናን «ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናት ሸማኔ፣ የቤቱ ዘመድ» ብለሽ መዝግበሻታል። ዘመድ አይደለችም። እንደ እሷ ያለው ሰው በጨዋ አነጋገር «የቤት ልጅ» ነው የሚባለው። ኩፓንግ ስላደግሽ ልዩነቱ አይታይሽ ይሆናል። ለዘመድ ምግብ ይቀርብለታል፤ የቤት ልጅ ምግቡን ያቀርባል። እባክሽ አስተካክዪው።

ለካሴት ማጫወቻው ስድስት ትልልቅ ባትሪና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ብትልኪልኝ አሥራ አንደኛውን እጨርሳለሁ። እዚህ የሚሸጠው ባትሪ ሦስት ቀን አይቆይም። ሂና ዓይኗ ቢደክምም አሁንም ለጥለት ክር ትቋጥራለች። «ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ባል አገኘች ወይ?» ብላለች። ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ።

አያትሽ፣
ኡምቡ ሬታንግ፣ ጡረተኛ መምህር


ጆግጃካርታ
ዲሴምበር 10 ቀን 1995

ለውድ አያቴ ለመምህር ሬታንግ፣

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። የገና ሰሞን ነውና ቤቱ ሁሉ በሰላም ይዋል፣ ዝናቡም ይምጣላችሁ።

ደብተሮቹ ሲደርሱ የትምህርት ክፍላችን ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። በፎቁ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ስድስት የዶክትሬት ተማሪዎች በአንድ ማራገቢያ እንኖራለን፤ ያን ዕለት ግን ማራገቢያውን የፈለገ ሰው አልነበረም። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ሃርዮኖ መነጽራቸውን አውልቀው ጽሕፈትዎን ቀረብ አድርገው አዩት።

«ይህን የጻፈው ሰው ነው ማሽን?»

«የአያቴ ወንድም ናቸው።»

«እንግዲያው አንቺ ምን ሠራሽ?»

ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እውነታቸውን ነው። የማጠናው ስም በታላላቅ ቤቶች ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ነው፤ ምዕራፍ አራት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሂና ቃልና በእርስዎ እጅ ላይ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ አንድ አደራ ብለዋል፦ ብታስል «አሳለች»፣ ዝም ብትል ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይጻፍ። ለእኛ ትርፍ የመሰለን ለተናጋሪው ዋናው ሊሆን ይችላል ይላሉ።

«ኡምቡ» ጌታ፣ «ራምቡ» እመቤት ማለት መሆኑን ጃቫዎቹ ጓደኞቼ ተረዱ፤ ግን ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በአገልጋዩ ስም ነው የሚጠራው ስላቸው አላመኑኝም። የቅድመ አያቴን ስም ማንም ሳያነሣ ዕድሜዋን ሙሉ «የሂና እመቤት» ስትባል እንደኖረች ነገርኳቸው። አንዱ «ታዲያ ሂናን ራሷን ሲፈልጓት ምን ይሏት ነበር?» አለኝ። እርስዎ ያውቃሉ?

ባትሪው፣ እስክሪብቶውና ለሂና የሚሆን አንድ ጥቅል ቀይ ክር በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ባል አላገኘችም፣ ያገኘችው ምዕራፍ አራትን ነው ይበሉልኝ።

የልጅ ልጅዎ፣
ሊካ


ፕራይ ሃንዱ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1996

ለተከበርሽው ራምቡ ሊካ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የላክሽው ሁሉ በደኅና ደርሷል። የአሥራ አንደኛው ካሴት ጽሑፍ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ አሥር ገጽ ነው። ዝናቡ መጥቶ መንገዱን ስለቆረጠው ፖስታውን የሚወስደው ፈረሰኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ አላረዝምም። ሂና ክሩን ተቀብላለች። ለጥያቄሽ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ኡምቡ ሬታንግ


ጆግጃካርታ
ማርች 18 ቀን 1996

ለውድ አያቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? የእርስዎ ደብዳቤ እንዲህ አጥሮ ስለማያውቅ ታመው ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ዝናቡ ለበቆሎው በረከት ይሁን፣ ለጉልበትዎ ግን እንዳይከብድ።

የምጠይቅዎ ስለ አሥራ አንደኛው ካሴት ነው። ካሴቱ እንደሌሎቹ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሌሎቹ ግን አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ገጽ ወጥቷቸዋል። ፕሮፌሰር ሃርዮኖ አሥሩን ገጽ በጣታቸው ቆጥረው «አሮጊቷ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር?» አሉኝ። ዋናውን ካሴት ከጽሑፉ ጋር ሳስተያየው ከአሥራ ዘጠነኛው እስከ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ያለው የለም። አሥራ ሁለት ደቂቃ መሆኑ ነው።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። አሳማዎቹ የበቆሎው ጎተራ ሥር ገብተው እርስዎ ዱላ ይዘው ወረዱ። ሂና ግን አላቆመችም። እንዲያውም ወደ መቅረጫው ጎንበስ ብላ በፍጥነት ታወራ ጀመር። ጥርስ የላት፣ አፏ በምታኝከው የሲሪ ቅጠል ሞልቷል፣ ቋንቋዋም የድሮ ሰው ቋንቋ ነው፤ ከአምስት ቃል አንዱን ብይዝ ነው። እንዳላፍር ብዬ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ። ይህን ለፕሮፌሰሩ ስናዘዝ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርንሽ ራስ መነቅነቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። የሚገባኝ ነው።

ምናልባት የደብተሩ ገጾች ተጣብቀው ተዘልሎ ይሆናል። ቢፈልጉልኝ?

ሊካ


ፕራይ ሃንዱ
ጁላይ 3 ቀን 1996

ለተከበርሽው ራምቡ ሊካ፣

እግዚአብሔር በጤናና በትዕግሥት ያቆይሽ። ሦስት ወር ተኩል ያለ መልስ ስላቆየሁሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ምክንያቱን በጽሑፍ አስመጣው ነበር፤ እኔም እጽፋለሁ።

ሂና ሜይ 6 ቀን ጠዋት ዐረፈች። አልታመመችም፤ ክሩን እንደያዘች ዘንበል አለች። አስከሬኗ ቤት የተቀመጠው አንድ ቀን ብቻ ነው። እመቤቷ ስትሞት የመቃብሯ ድንጋይ ከወንዙ እስኪጎተት አራት ዓመት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ለቤት ልጅ ግን ይህ ሁሉ የለም። በማግስቱ ከአጥሩ ውጭ ተቀበረች። ሁለት ጨርቅ ለበሰች፣ አንድ አሳማ ታረደ። እኔ ከአጥሩ ውስጥ ከቤቱ አለቃ ከኡምቡ ንዳዋ ጎን ቆሜ ነበር። የቤቱ ወንዶች ቦታ እዚያ ነው።

ካሴቱን በሚመለከት፣ ቅጂው በዝናቡ ወራት በእርጥበት ተበላሽቷል። ከአሥራ ዘጠነኛው እስከ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ያለው አይሰማም። የሚሰማውን ሁሉ ጽፌአለሁ። ምዕራፉን በአሥሩ ካሴት ብቻ ብትሠሪው በቂ ይመስለኛል።

ኡምቡ ሬታንግ


ጆግጃካርታ
ጁላይ 29 ቀን 1996

ለውድ አያቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። የሂናን ዜና ሳነብ ከትምህርት ክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ወር ሙሉ ከፊቷ ቁጭ ብዬ ቀድቻት ሳበቃ፣ ቤተሰብ እንዳላት እንኳ አልጠየቅኋትም። ከልጅነትዎ ጀምሮ አብራችሁ የኖረች ሴት ናትና ለእርስዎም ሐዘን መሆኑን አውቃለሁ።

በዚህ ጊዜ ስለ ሥራ መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ጊዜ የለኝም። የእርስዎ ቅጂ ቢበላሽ ዋናው እዚህ አለ፤ የአሳማዎቹ ጩኸት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ደጋግሜ ሳደምጠው በእነዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች አንድ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፦ ንጋቢ። በዘር ሐረጋችን ዝርዝር ውስጥ ንጋቢ የሚባል ሰው የለም። ማን ነው?

ረቂቄ እስከ ኖቬምበር 30 ካልገባ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት መከላከል አልችልም። የተሰጠኝ ዓመት ደግሞ ዘንድሮ ያልቃል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ፕሮፌሰሩ «ከምንጩ አሥራ ሁለት ደቂቃ የጎደለበትን ምዕራፍ አልፈርምም» ብለዋል። እዚህ በነገረ መለኮት ኮሌጅ የሚማር ዶሙ የሚባል የሜሎሎ ልጅ አለ። አያቱ ያሳደጉት ስለሆነ የድሮውን ቋንቋ ያውቃል። ለዕረፍት አገሩ ሄዷል፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ሲመለስ ካሴቱን እሰጠዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ቢሆንም ከእርስዎ እጅ ብቀበለው ይሻለኛል። ስለ ቤታችን ክፉ ተናግራ ከሆነ አይሳቀቁ፤ አልደነግጥም።

ሊካ


ፕራይ ሃንዱ
ኦገስት 25 ቀን 1996

ለተከበርሽው ራምቡ ሊካ፣

ካሴቱን ለዶሙ አትስጪው። ሰላምታውን ያዘገየሁት ይህ እንዲቀድም ብዬ ነው። አሁን ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ቅጂው አልተበላሸም። ዋሽቻለሁ። ጽሑፉ ከታች አለ፤ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ።

19ኛ ደቂቃ። (የመምህሩ እግር ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል። የአሳማ ጩኸት።)

ሂና፦ ሄደ? ሄደ። ጎሽ። አንቺ ልጅ፣ ቀይዋ መብራት በርታለች አይደል? ስትበራ ትይዛለች ብለሽኛል። እንግዲህ ትያዝ። ያ ዱላ ይዞ የወረደው ሽማግሌ ንጋቢ ነው። ልጄ ነው።

ራምቡ ሊካ፦ እሺ።

ሂና፦ «እሺ» ትላለች ደግሞ! ገብቶሻል? የት ይገባሻል። ግድ የለም፣ እኔ የምነግረው ለመብራቷ ነው። (ሳል።) ነጩ ሹም በፈረስ መጣ። ከየትልቁ ቤት አንድ የጌታ ልጅ ለትምህርት ይምጣ አለ። እመቤቴ ልጇን ሬታንግን አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነፍሱ ወረቀቱ ላይ ትቀራለች ይባል ነበራ። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞር አለች። ንጋቢ በቆሎ ይጠብሳል። «ያንቺው ይሂድ» አለችኝ። የሬታንግን ጨርቅ አለበሱት፣ የሬታንግን ስም ሰጡት። ስምህ ማነው ሲሉት ሁለት ጊዜ ንጋቢ አለ። በሦስተኛው ሬታንግ አለ። ፈጣን ነው ንጋቢ።

ራምቡ ሊካ፦ እሺ፣ አዎ።

(አራት ሰከንድ ዝምታ።)

ሂና፦ «ከዛሬ ጀምሮ እናቱ እኔ ነኝ፤ አፍሽ እንዳይስት» አለችኝ እመቤቴ። አልሳተም። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ሂና፣ ውኃ» አለኝ። አመጣሁለት። ምን ላድርግ፣ ጠምቶታል። (ትስቃለች።) ስሜማ ቀኑን ሙሉ ይጠራል። የሂና እመቤት መጣች፣ የሂና እመቤት በላች። አቤት ልል ስነሣ እኔን አይደለም። ለእኔ ሲሆን «ነይ» ብቻ ነው። ስሚው፣ ስሚው ንጋቢን! አሳማውን ሲለማመጠው! ምታው እንጂ አንተ ሰው፣ ተማሪ መሰለህ እንዴ!

ራምቡ ሊካ፦ እሺ።

ሂና፦ አልተቀየምኩትም። አትርሳ የተባለውን አይረሳም፣ ከልጅነቱም። እናቴ አትበል አሉት፣ ይኸው አላለም። ብቻዬን ስሆን እኔ ንጋቢ እላለሁ። ክር ስቋጥር፣ ንጋቢ። ምን ይመስልሻል፣ አንድ ቀን ሰው በሌለበት እናቴ ቢለኝ ጆሮዬ እንደሁ ገና ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ። (ሰባት ሰከንድ ዝምታ።) መጣ። ስለ ጥቁሩ ማቅለሚያ ነበር አይደል የጠየቅሽኝ?

31ኛ ደቂቃ።

ያሳጠርኩት ንጋቢ ንጋቢ እያለች የደጋገመችውን ብቻ ነው። እሱን ለብቻው በሌላ ገጽ ጽፌዋለሁ።

ሁሉም እውነት ነው። ዓመቱ 1938 ነበር፤ ስምንት ዓመቴ ነው። የቤቱ እውነተኛ ልጅ ሃፑ የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ወንድሜ ተብሎ ወደ ፈረሶቹ መስክ ተላከ፤ እሱ የአባትሽ አባት ነው። እኔ ስማር፣ ቤቱ የተማረ ልጅ አገኘና ደስ አለው፤ ሬታንግ ተብዬ ቀረሁ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልተናገሩም፣ አሁን ደግሞ አንዳቸውም የሉም። በደብዳቤዬ «የቤት ልጅ» እያልኩ የጻፍኩልሽ ቃል ጨዋ ቃል ነው። ትክክለኛውን ልጻፈው። እናቴ ባሪያ ነበረች፤ እኔም የባሪያ ልጅ ነኝ። አያትሽ አይደለሁም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ጃንዋሪ 28 ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እስከ ሜይ 6 ድረስ ዘጠና ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን እሷ አታውቅም። ሰው በሌለበት ብዙ ጊዜ አገኘኋት። አንድ ቀን ፊቷ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። «ሂና፣ ክሩ በቃሽ?» አልኳት።

«በቃኝ፣ ኡምቡ» አለች።

በዚህ ጽሑፍ የፈለግሽውን አድርጊበት። ከቻልሽ ግን አታድርጊ።

(ሳልፈርም ልኬዋለሁ።)


ጆግጃካርታ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1996

አያቴ ብዬ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ምን ብዬ እንደምጠራዎ ይንገሩኝ፤ እስከዚያው ሰላምታዬ ያለ ስም ይድረስዎ።

ጽሑፍዎን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ካሴቱን ሰማሁት። «እሺ» ስል ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። አንዲት እናት የስልሳ ዓመት ነገር ስትነግረኝ ገበያ እንደሚከራከር ሰው እሺ እላታለሁ።

ለማንም አላሳየሁትም። ፕሮፌሰር ሃርዮኖ «አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ተገኘ?» አሉኝ።

«ተገኘ።»

«አምጪዋ!»

«የእኔ አይደለም፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው ባለቤቱን ጠይቂ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። አይሆንም ካሉ ምዕራፍ አራት ይወድቃል፣ ከእሱም ጋር ዶክትሬቱ ይቀራል። ይህን የምጽፈው ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም፤ አስቤበት ቆርጫለሁ። ኩፓንግ ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ውርደት አለመሆኑን ካንድ ሰው አይቻለሁ። ይሁን ካሉ ደግሞ የትምህርት ክፍላችን ደንብ ተናጋሪውን እንዳይጎዳ ትክክለኛ ስሙ በፈጠራ ስም ይተካ ይላል። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ጋር አለ፤ ለፈጠራው ስም ክፍት ቦታ ተትቷል። ለእናትዎም እንዲሁ።

ግን የፈጠራ ስም ፕራይ ሃንዱን አያታልልም። አጎቴ ኡምቡ ንዳዋ የቤቱ አለቃ ነው፤ ከሰማ ከቤቱ ሊያስወጣዎ ይችላል። ለእርስዎ የተጎተተው የመቃብር ድንጋይ ከአጥሩ ውስጥ ከአባቴ አባት ጎን ተዘጋጅቷል፤ እሱንም ሊከለክልዎ ይችላል። ይህን ሁሉ አስበው ይመልሱልኝ። ወይም አይመልሱልኝ፤ ዝምታዎን እንደ መልስ እቀበላለሁ።

ሊካ


ፕራይ ሃንዱ
ኦክቶበር 19 ቀን 1996

ለሊካ፣

ጤና ይስጥሽ፤ ረቂቅሽንም በጊዜው ያስገባልሽ።

ከአንቺ በፊት መስማት የሚገባው ኡምቡ ንዳዋ ነበርና ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ማጫወቻውን ይዤ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ከሲሪ ጋር የሚታኘከውን የፒናንግ ፍሬ ይሰነጥቅ ነበር።

«ቁጭ በሉ አጎቴ፣ ያኝኩ።»

«ቆሜ ላሰማህ» አልኩትና ካሴቱን ከፈትኩት። ቋንቋውን እንደ እኔ ያውቃል፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሲያልቅ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«የተወሰደው ስም የእሱ ነው። እንዴት አያውቅም?»

«አንድም ቀን አልተናገረም!»

«እኔም አልተናገርኩም።»

የሲሪውን ሳጥን በእግሩ ገፍቶ ተነሣ። «አሁን ሰው ምን ይበል? የሴት ልጆቼን ጋብቻ በቤቱ ስም ቆሞ የተነጋገረው ባሪያ ነበር ይበል?»

«የተናገርኩት ንግግር ስሕተት ነበረበት?»

«ስሕተትማ የለበትም።»

«እንግዲያው ጋብቻዎቹ ይቆማሉ።»

ሊስቅ ትንሽ ቀረው፤ በዚያው ይበልጥ ተቆጣና ውጣ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ቤት ውጣ ተብዬ አላውቅም ነበር። ወጣሁ። ሦስት ቀን ማንም ደጄ አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ራሱ መጥቶ የቤቴ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሲሪ አቀረብኩለት፤ ብዙ ካመነታ በኋላ ወሰደ።

«ድንጋይዎን ምን እናድርገው?»

«ሬታንግ ተብሎ ተጎትቷል፣ ለሬታንግ ይሁን። አባትህ ሃፑ በሚል ስም ሥር ነው የተኛው።»

«እርስዎስ?»

«ከአጥሩ ውጭ፣ ከእናቴ ጎን።»

«ዝናብ ያጥባችኋል እኮ እዚያ፤ ቁልቁለት ነው።»

«ድንጋይ ደርድሬ አቆመዋለሁ።»

ተነሥቶ ሄደ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። ከሠርግም ከቀብርም ሸንጎ እስካሁን አልተጠራሁም፤ የሚጠራኝም አይመስለኝም። ይህን የምጽፍልሽ የከፈልኩትን እንድታውቂና በከንቱ እንዳታደርጊው ነው።

ወደ ቅጹ ልመለስ። መልሴ ይሁን ነው፤ ፈርሜበታለሁ። የፈጠራ ስም የሚለውን ቦታ ግን ሰርዤዋለሁ። ከዚህ በፊት አንድ የፈጠራ ስም ተሰጥቶኝ አምሳ ስምንት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ሌላ አያስፈልገኝም። «ንጋቢ፣ የሂና ልጅ» ብለሽ አስገቢ። እናቴንም ሂና በያት፤ እስከ ዛሬ ስሟ ሲጠራ እሷ ማለት ሆኖ አያውቅምና በአንቺ ጽሑፍ እሷ ማለት ይሁን። ፕሮፌሰርሽ ስለ ደንቡ ከጠየቁ ደብዳቤዬን አሳዪያቸው። በፌብሩዋሪ የላክሁልሽን አሥር ገጽ ቅደጂው፣ የተሳሳተ ነው። «እሺ» ያልሽባቸውንም ቦታዎች ከአፍረት የተነሣ እንዳታወጪ፤ የተባለው ሁሉ ይጻፋል።

ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ጠይቀሻል። «መምህር» በይኝ። እሱን ማንም አላለበሰኝም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብሯ ሄጄ ነበር። ሰው የሌለ መስሎኝ የጠበቀችውን ቃል አንድ ጊዜ አልኩት። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ለካስ ሁለት ሴቶች ከአጥሩ ጥግ በቆሎ ይኮተኩቱ ኖሯል፤ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸውን እስኪመልሱ አልጠበቅሁም። ደገምኩት።

ንጋቢ